ቡሌ የዋጠችው ሕዝብ

ኮምፒውተሩ እንደሚለው ከሆነ ቡሌ ሰው ትበላለች።

ኤልቤቴል ቁጥሩን ለሦስተኛ ጊዜ አየችው። ባለፈው አንድ ዓመት በዲላ የገበያ ቀኖች፣ በሰኞና በሐሙስ፣ ከዲላ ወደ ቡሌ የወጡት ተሳፋሪዎች ዘጠኝ ሺህ ናቸው። በእነዚሁ ቀኖች ከቡሌ ወደ ዲላ የወረዱት ግን አንድ ሺህ እንኳ አይሞሉም። ስምንት ሺህ ሰው ወጥቶ ቀርቷል። ቡሌን ታውቃታለች፤ በልጅነቷ ከአክስቷ ጋር ሄዳ ጥርሷ በብርድ ሲንቀጫቀጭ ያደረችባት ትንሽ የደጋ ከተማ ናት። ስምንት ሺህ እንግዳ የምታሳድርበት ቦታ የላትም።

ኤልቤቴል የምትሠራው ሃያ ሁለት መኪኖች ባሉት አንድ የሕዝብ ማመላለሻ ማኅበር ውስጥ ነው። ማኅበሩ አምና ለየመናኸሪያው የትኬት ማሽን ገዝቶ ነበር። ማሽኑ ተሳፋሪው ከየት ተነስቶ የት እንደሄደና በስንት ሰዓት እንደተሳፈረ ይመዘግባል፤ የተመዘገበውን የሚያነብ ሰው ግን ስላልነበረ ነገሩ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ሲከማች ኖረ። እሷ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች የተቀጠረችው ይህን እንድታነብ ነው፤ ለሦስት ወር፣ በሙከራ። ሦስቱ ወር የሚያልቀው በመጪው አርብ ነው። አርብ ደግሞ ቦርዱ ይሰበሰባል።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ኸይረዲን ነገር ማንዛዛት የማይወድ ሰው ነው። “ፍስሐ ገነት ከተማ ላይ ጠዋት ጠዋት ሰው መኪና አጥቶ እየቆመ ነው” ብሏታል። “አንድ መኪና ያስፈልገኛል፤ አዲስ መግዛት ደግሞ አንችልም። ከየትኛው መስመር ላንሳ? እስከ ዛሬ የምንወስነው በስብሰባ ላይ ድምፁ ጎላ ያለው ሰው እንዳለን ነበር። አሁን ቁጥሩ ይናገር። ደህና መልስ ካመጣሽ የቋሚነት ደብዳቤሽን እዚያው ጠረጴዛ ላይ እፈርምልሻለሁ።”

መልሱ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ ነበር። እያንዳንዱ መኪና በግራፉ ላይ አንድ ዘንግ አለው፤ የሞላው አረንጓዴ፣ ግማሽ የሆነው ቢጫ፣ ባዶው ቀይ። ከሁሉም ይልቅ የቀላችው ቡሌ አድራ በገበያ ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ዲላ የምትወርደው መኪና ናት። ሠላሳ ወንበር፣ ዘጠኝ ተሳፋሪ።

አቶ ኸይረዲን አየውና ሳቀ። “ታዲያ የወጡት ሰዎች የት ገቡ?”

“እሱን አላወቅሁም።”

“ይህን ሁሉ ሕዝብ ከዋጠች የቡሌ ማዘጋጃ ቤት ቦታ አልቆበታል ማለት ነው። ለማንኛውም መኪናዋ ባዶ ናት። አርብ ይህንኑ አቅርቢ።”

ኤልቤቴል “እሺ” አለች፤ ልቧ ግን እሺ አላለም። የጎደለ ቁጥር ቢሆን አንድ ነገር ነው። የጠፋ ሰው ግን እንቅልፍ ይነሳል።

ከቢሮው ሥር፣ በመናኸሪያው መውጫ በር አጠገብ፣ የስምሪት ኃላፊው ጋሽ ገሪማ በእንጨት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ለሃያ ዓመት መኪና ሲያሰማሩ የኖሩት በአንድ ባለመስመር ደብተር ነው። ደብተሩን ማንም አልነጠቃቸውም፤ ግን ማንም እሱን መጠየቅ ካቆመ ዓመት አለፈው።

“ጋሽ ገሪማ፣ በገበያ ቀን ከቡሌ ስንት ሰው ነው የሚወርደው?”

“ማሽኑ ስንት አለሽ?”

“ዘጠኝ።”

“እንግዲያው ዘጠኝ ነዋ። ማሽን ይዋሻል?”

“የወጡት ግን ሰማንያ ሰባት ናቸው።”

“እሱም ልክ ነው።” ጋሽ ገሪማ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ። “ኮምፒውተር ቀዝቃዛ ቦታ ይስማማዋል ይባላል። እስቲ ቡሌ ውሰጂው።”

ለቀልድ ያሉት ነው። እሷ ግን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፗን በቦርሳዋ ይዛ የጆሲ መኪና ላይ ወጣች። ጆሲ ቡሌ የምታድረዋ መኪና ሾፌር ነው፤ ቢሮ ካላት ልጅ ጋር ሲጓዝ የመጀመሪያው ስለሆነ ለወትሮው የማያስራትን የሸሚዙን የላይ ቁልፍ ቆልፎ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቡሌ በጉም ተሸፍናለች። መኪናዋ ከመናኸሪያው ስትነሳ የተሳፈሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ኤልቤቴል፣ ወደ ሆስፒታል የሚሄዱ አንድ ሽማግሌና ጋቢ የለበሰ መምህር። ማሽኑ ልክ ነው፣ ስትል አሰበች፤ የአርቡ ንግግሯም በልቧ ተሰካክቶ አለቀ።

አንድ ኩርባ እንዳለፉ ጆሲ መኪናውን አቆመ። መንገዱ ዳር ሰው የለም። በኮባ የተጠቀለሉ አራት የቆጮ እስሮች ብቻ ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ታስሯል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አበባ ያለበት፣ ሁለቱ ቀይ። ጆሲ ወርዶ ጫናቸው። በሚቀጥለው መንደር ስምንት ነበሩ። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት በማዳበሪያ ከረጢት፣ ጥቅል ጎመን፣ የቀርከሃ ቅርጫት፣ እንደገና ቆጮ። ጣሪያው ላይ ያለው ፖርቶመጋላ ሞላ። ቀጥሎ ወንበሮቹ ሞሉ። መምህሩ የለመደ ሰው ነውና ሳይጠየቅ እግሩን ሰብስቦ አንድ ከረጢት ከሥሩ አስገባ። በአራተኛው መንደር ጆሲ አንድ ትልቅ ጎመን ይዞ ኤልቤቴል ፊት ቆመ።

“ትንሽ ትይዢልኝ? መሬት ላይ ካደረግሁት ይጎዳል።”

“ትኬት ቆርጧል?” አለች ጎመኑን እየተቀበለች።

“እሱ የማኅበሩ እንግዳ ነው።”

“ባለቤቶቹስ የት አሉ?”

ጆሲ በመስኮቱ ወደ ታች አመለከታት። ጉሙ ገለጥ ባለበት፣ በእንሰቱ መካከል በሚወርደው የእግር መንገድ፣ ሴቶች እርስ በርስ ተከታትለው ቁልቁል ይወርዳሉ። ባዶ እጃቸውን ናቸው፤ አንዷ ያለችው ነገር እስከ መኪናው ድረስ የሚሰማ ሳቅ አስነሳ። መንገዱ ተራራውን ሲዞር እነሱ ይሰነጥቁታል። ቀጣዩ ኩርባ ላይ መኪናውን ቀድመው ደርሰው ነበር።

“አቁምልኝ” አለች ኤልቤቴል።

“በዚህ ጫማ?”

ጎመኑን ለመምህሩ አስረክባ ወረደች።

ጫማው ልክ እንደተባለው ሆነ። በሁለተኛው ቁልቁለት ላይ ሲያንሸራትታት አንዲት ጠንካራ ሴት ክንዷን ይዛ አቆመቻት። ወርቂቱ ትባላለች፤ የአምሳ ዓመት ሴት ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴትን ብዙ አይለይም።

“አንተ የገሪማ ልጅ ነህ?”

“አይደለሁም። አብሬያቸው ነው የምሠራው።”

“ታዲያ ለምን ትወድቃለህ? የገሪማ ሰው አይወድቅም።” ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ ኤልቤቴልም ሳቀች።

“መኪናው እያለ ለምንድን ነው በእግራችሁ የምትወርዱት?”

ወርቂቱ የሞኝ ጥያቄ እንደሰማ ሰው አየቻት። “ቁልቁለት ነው እኮ! ቁልቁለት ለመውረድ ይከፈላል? እግር ራሱ ያወርዳል። ደግሞ መኪና ውስጥ ከሆንን ወሬው መቼ ይወራል? ማታ ዳገት ነው። ማታ በመኪና ነው።”

“ለዕቃችሁስ ትከፍላላችሁ?”

“ለዕቃ? የለም። ገሪማ ተናግሯል። ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ያኔ የሌላ ማኅበር መኪኖች መጡ፣ አዲስ፣ ወንበሩ ለስላሳ። ገሪማ ገበያ ድረስ መጣና ‘ዕቃችሁን እኔ በነጻ አወርዳለሁ፣ እናንተ ስትመለሱ በእኔ መኪና ተመለሱ’ አለ። እሺ አልን። ያኛው መኪና ቀድሞ ቢጠራን እንኳ አንወጣም። ዝናብ ላይ ቆመን ጆሲን እንጠብቃለን። ቃል ነው።”

ኤልቤቴል ቆመች። ሰማንያ ሰባቱ ሰዎች እዚህ ነበሩ፤ ከፊቷና ከኋላዋ፣ እየሳቁ። ቡሌ ማንንም አልዋጠችም።

“የጠዋቷ መኪና ብትቀርስ?”

“ዕቃው ካልወረደ እኛ ዲላ ምን ልናደርግ እንወርዳለን? ሰው ልናይ?”

መናኸሪያ ሲደርሱ ጋሽ ገሪማ ከወንበራቸው ተነስተው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። ደብተር አልያዙም። ጨርቁን እያዩ ብቻ እስሩን ለባለቤቱ ያቀብላሉ፤ ጨርቁ ከየቤቱ አሮጌ ቀሚስ የተቀደደ ስለሆነ ባለቤቷን ከሩቅ ያውቃሉ። ሰባ አራት እስር አንድ ሳይሳሳቱ አደሉ። ኤልቤቴል እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሳ እየቆጠረች ጠበቀቻቸው።

“ለምን አልነገሩኝም?”

“መቼ ጠየቅሽኝ? ስንት ሰው ወረደ ነው ያልሽኝ። ስንት ጎመን ወረደ አላልሽኝም።”

“ጋሽ ገሪማ፣ ነገ መኪናዋ እንድትነሳ ሐሳብ ላቀርብ ነበር እኮ!”

የሽማግሌው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀልድ ወጣ። “ሰምቻለሁ። ብናገርስ ምን ይሆናል? በነጻ መጫን በደንቡ የለም። የተጻፈ ነገር ሁሉ ታሪፍ ይወጣለታል። ለእስሩ አስከፍሉ ይባላል፤ ሴቶቹም ይቀየማሉ፤ ቃሉም ይፈርሳል። ዝም ብል መኪናዋ ትነሳለች፣ ብናገር ታሪፍ ይመጣል። በየትኛው እንደምሞት መምረጥ አቅቶኝ ነው።”

ኤልቤቴል ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከስክሪኑ ፊት አልተነሳችም። የሰው ወሬ ይዛ ቦርድ ፊት ብትቀርብ “ቁጥሩስ?” እንደምትባል ታውቃለች፤ ሦስት ወር ሙሉ እሷ ራሷ ስትለው የቆየችው ቃል ነው። ቁጥሩ ውስጥ የሆነ ቦታ ምልክት መኖር አለበት። የጠዋቷ መኪና የቀረችባቸውን ቀኖች ፈለገች። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል አገኘችው፤ ሚያዝያ ላይ መኪናዋ ማርሽዋ ተሰብሮ ሦስት ሳምንት ጋራዥ ቆማለች። በእነዚያ ስድስት የገበያ ቀኖች ከዲላ ወደ ቡሌ የወጣው ሰው ከሰማንያ ሰባት ወደ ሃያ አንድ ወርዷል። ያኔ ሁሉም በዝናቡ አሳብቦ አልፎት ነበር።

አርብ ቦርዱ ፊት የመጀመሪያውን ግራፍ ከፈተች። “እስከ ረቡዕ ድረስ ይህችን ቀይ መኪና እንድታነሱ ልነግራችሁ ነበር” አለች። “ተሳስቼ ነበር። መኪናዋ ባዶ አይደለችም። ማሽናችን ሰው እንጂ ቆጮ መቁጠር አያውቅም።” ከዚያ የሰባ አራቱን እስሮች ነገር፣ የቁልቁለቱን መንገድና የጋሽ ገሪማን ቃል በተራ ነገረቻቸው።

አቶ ጉግሳ፣ በስብሰባ ላይ ድምፁ ጎላ ያለው የቦርድ አባል፣ ጋሽ ገሪማ የፈሩትን ነገር ወዲያው አነሳ። “በነጻ? ዘጠኝ ዓመት? እንዲያ ከሆነ በእስር ማስከፈል ነዋ!”

ኤልቤቴል የሚያዝያን ሦስት ሳምንት ከፈተች። አረንጓዴዎቹ የከሰዓት ዘንጎች ስድስት ጊዜ ወድቀው ቀይ ሆነው ታዩ። “ጠዋት ዕቃው ካልወረደ ማታ ሰው አይወጣም” አለች። “የከሰዓቶቹ ሦስት ሙሉ መኪኖች የሚሞሉት በዚህች ባዶ መኪና ነው። ዕቃውን ብናስከፍል ሴቶቹ የሚጠብቁን ምክንያት የለም፤ ለስላሳ ወንበር ያለው ሌላ ማኅበር አለ።”

አቶ ጉግሳ ወደ ግራፉ ጠጋ አለ። “ገሪማ ይህን ያለ ኮምፒውተር ነው ያሰበው?”

“በእንጨት ወንበር ላይ ሆነው” አለ አቶ ኸይረዲን። “ፍስሐ ገነትስ፣ ኤልቤቴል? ያለ መኪና ልታስቀሪኝ ነው?”

“ወደ ይርጋጨፌ ጠዋት ሁለት መኪኖች ተከታትለው ግማሽ ግማሽ ሞልተው ይወጣሉ። ከተራራ የሚወርድ ጎመን እንደሌላቸው ትናንት ጋሽ ገሪማን ጠይቄአለሁ።”

ሁሉም ሳቁ። አቶ ኸይረዲን እየሳቀ ከፋይሉ አንድ ወረቀት አወጣና ፈረመ። ኤልቤቴል ወረቀቱን ሳታየው እስክሪብቶው ላይ ብቻ ዓይኗን ተክላ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ጋሽ ገሪማ እጃቸው ላይ ታብሌት ነበር። ኤልቤቴል አዲስ መዝገብ ሠርታለች፤ “ዕቃ” ይላል፤ ዋጋው ዜሮ፤ ከሥሩ የጨርቅ ቀለሞች። ሽማግሌው ታብሌቱን እንደ ትኩስ ድንች ይዘው ከመኪናዋ አጠገብ ቆሙ።

“ሰባት ቀለም ብቻ?”

“አይበቃም?”

አንድ እስር አነሱ። “ይሄ የት ይገባል?”

“ቀይ ነው፤ ቀይን ይንኩ።”

“ይሄ ቀይ አይደለም። ይሄ የወርቂቱ ቀይ ነው። ያኛው የአማቷ ቀይ ነው። ያ ደግሞ ባለፈው ዓመት ቀይ ነበር፣ አሁን ታጥቦ ታጥቦ ሌላ ነገር ሆኗል፤ ግን ባለቤቱን አውቃለሁ።”

ኤልቤቴል አንድ የነጭ ሽንኩርት ከረጢት ላይ ተቀመጠች። “ቀይ አንድ፣ ቀይ ሁለት ብዬ ልጨምር።”

“ኧረ ቁጥር አትስጫቸው፣ የኔ ልጅ። የሚጠሩበትን ጻፊው።”

እሳቸው እንደነገሯት ጻፈችው። ወርቂቱ ከጎኗ ቆማ ስሟ ስክሪን ላይ ሲወጣ አየች፤ “እኔን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባህ?” ብላ ትከሻዋን መታ አደረገቻት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከላይ፣ ከቢሮው መስኮት፣ የአቶ ኸይረዲን ድምፅ ተሰማ።

“ኤልቤቴል! ስክሪኔ ላይ ‘የታጠበ ቀይ’ የሚል ነገር ወጣ! ምንድን ነው እሱ?”

ጋሽ ገሪማ ከታብሌቱ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ “ይውረድና ይየው በይው” አሉ። “ሲመለስ ደግሞ ይህችን ጎመን ይዞልሽ ይውጣ።”