አንገት የሚያሳክከው ፀጉር ቤት

ኮዲንግ የተማረ ሚሊየነር ይሆናል ይላሉ። እኔ በተሰነጠቀ ስልክ ተምሬ እስካሁን ያገኘሁት ጥቅም ከአክስቴ ጅልነት መትረፍ ብቻ ነው። እሱም ቀላል እንዳይመስላችሁ።

አክስቴ ፀጉር ቤት አላት። ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ እዚያው ፀጉር አጥባለሁ፣ እዚያው ጓዳ እተኛለሁ። ሰሞኑን ደንበኞቻችን አንገታቸውን እያከኩ ለስሞታ ይመለሱ ጀመር። አክስቴ ምን አደረገች? ሻምፑውን፣ ቅባቱን፣ ማበጠሪያውን፣ ሁሉንም በአንድ ጠዋት ቀየረች። ማሳከኩ ንቅንቅ አላለም። ሳልቀየር የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ጥፍርሽ ነው!» አለችኝ፣ ባንክ የምትሠራ ደንበኛችን እየሰማች። «ከእንግዲህ አንድ ሰው ቢያሳክከው ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ እንጀራ አባትሽ!»

እዚያ ቤት ከምመለስ የፀጉር ማድረቂያው ውስጥ ባድር ይሻለኛል።

ኮድ ሲበላሽ ሁሉን መነካካት የጅል ሥራ ነው። አንዱን ብቻ ትነኪና ታያለሽ። ካልሆነ ወደነበረበት መልሰሽ ሌላውን ትሞክሪያለሽ። ይሄን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ አክስቴን አለመሆን ይበቃል።

በምሳ ሰዓት የራሴን አንገት ሰጠሁ። ሻምፑውን ብቻ ቀባሁ፣ ታጠብኩ፣ በቀሚሴ አደረቅኩ። ምንም። ቅባቱን ብቻ። አሁንም ምንም። በመጨረሻ በባዶ ውሃ አርሼ የቤቱን ፎጣ ጠመጠምኩ። ወዲያው ቁንጫ እንደወረረው ውሻ አከክ አደርግ ጀመር።

ፎጣውን ማን ያጥባል? ራሷ! እኔን ስለማታምን በረኪና ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፤ ከሰሞኑ ደግሞ ውሃ እንዳይባክን ብላ ሳታለቀልቅ ታሰጣዋለች።

በማግስቱ ያቺ ባንክ የምትሠራዋ ደንበኛ እያከከች ስትመጣ ፎጣውን አመጣሁ።

«አክስቴ፣ እስቲ አሽትቺው።»

«የንጽሕና ሽታ ነው!»

«ነው? በይ አርሰሽ ጠምጥሚው።»

ደንበኛዋ አፍጥጣ ስታያት ምን ታድርግ፣ ጠመጠመችው። ትንሽ ቆይቶ እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። መለሰችው። ደግሞ ሄደ።

«እከኪው እንጂ አክስትዬ፣ ቤትሽ ነው» አልኳት።

ደንበኛዋ በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ!

ይቅርታ ጠበቃችሁ? ከአክስቴ?

«በረኪና ሻጩ ነው ጉድ የሠራን» አለቻት ለደንበኛዋ። ከዚያ ወደኔ ዞረች፦ «አንቺ ምን ተገትረሽ ታይኛለሽ? ሂጂ ፎጣውን አለቅልቂ!»

ስለ እንጀራ አባቴ ግን ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀጉርም ፎጣም አጣቢዋ እኔ ነኝ። ኮዲንግ ተማሩ፤ የሥራ እድገት አለው።