የቀኙ ጎሚኒ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። የገንዘቤ ስም ግን እስከ መቃብርም አልቆየላት፤ ጎሮ ሰፈር፣ ደጃፏ ኮብልስቶን ላይ፣ እሷ በቁሟ እያየች ነው የተቀበረው። ቀባሪው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ትተወው ነበር። ቀባሪው ባሏ ረታ ነው። አራት ዓመት አለፈው፤ አንድ ቀን አልረሳችውም።

ገንዘቤ ትምህርቷ ከሦስተኛ ክፍል ባያልፍም፣ ጋሽ ዘርአጽዮን ጋራዥ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የመኪና ዕቃ አጥባለች። ከሞተር የወጣ፣ ከካምቢዮ የወጣ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። የመጀመሪያ ቀን የተነገራት ነገር አንድ ነበር፦ ብረት በናፍጣ፣ ጎማ ነክ ነገር በሳሙና ውሃ። ጎሚኒ፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ መሃል የሚገባው ጎማ፣ ናፍጣ ከነካው ውሃ እንደገባበት ዳቦ ያብጣል፤ ከዚያ በኋላ አይረባም። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ ተሳስታ አታውቅም።

ረታ ደግሞ ላሜራ ቀጥቃጭ ነው። የሰው መኪና ሲያቃና ኖሮ «እኔስ ከማን አንሼ?» ብሎ የራሱን ሊሠራ ተነሳ። ሞተሩን ከአንዱ፣ በሩን ከሌላው፣ የኋላ እግሯን በሙሉ፣ ዲፈረንሻሉን ከነባሌስትራው፣ ክብደቷን ከሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች ጋር፣ ከተገለበጠ ፒክአፕ ለቃቅሞ ግቢ ውስጥ ገጣጠማት፤ ዕቃውን ሁሉ ያጠበችለት ገንዘቤ ናት። ታርጋ ስለሌላት ከሰፈሩ የውስጥ ለውስጥ መንገድ አትወጣም። እሱ ግን «አንድ ቀን መሃል ከተማ፣ ኦሎምፒያ ወስጄ ነው የማቆማት» ይላል።

በወጣች በሁለተኛው ሳምንት ከኋላዋ ቋ! ቋ! ማለት ጀመረች። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ከበባት። ሲፈታ፣ ባሌስትራው ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት ውስጥ የሚገባው ጎሚኒ ተቀዶ ወጣ። ረታ የሰዎቹን ፊት አየና፣ «ምን ላድርግ፣ ገንዘቤ በናፍጣ አጥባብኝ ነው!» አለ።

ወንዶቹ ሳቁ። የታክሲ ሾፌሩ ጎረቤቷ ሐሩን «እትዬ ናፍጣ!» አላት። ስሙ በዚያው ጸደቀ። ወሬው ጋራዥ ሲደርስ ደንበኞቹ «የእኔን ዕቃ እሷ እንዳትነካው» ማለት ጀመሩ፤ ጋሽ ዘርአጽዮንም አንድ ጠዋት «ለጊዜው እረፊ» አሏት። ያ ጊዜ አራት ዓመት ሆነ። ደጃፏ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግታ ተቀመጠች። ከሽንኩርቱ ይልቅ ስሙ ነበር የሚያቃጥላት።

ዘንድሮ ረታ የተሻለ ዲፈረንሻል አገኘና የኋላ እግሯን እንደገና ሊገጥም ፈታታት። ችግሩ መኪናዋ ቀኝ ጎኗን ለግንቡ አጥር ሰጥታ ነው የቆመችው፤ በመሃል ያለው ክፍተት የረታን ቦርጭ አያስገባም።

«ገንዘቤ፣ አንቺ ቀጭን ነሽ፤ ቀኙን ግጠሚልኝ።»

«እጄ ናፍጣ ነው እኮ።»

«ተይ እንግዲህ! የሞተ ነገር አትቀስቅሺ። ጎሚኒው አዲስ ነው፣ እንደታሸገ ከነላስቲኩ። የሚታጠብ ነገር የለም።»

ካርቶን አነጠፈችና ገባች። ባሌስትራውን ቦታው ላይ አቀረበች፤ ጎሚኒውን ሰካች፤ ብሎኑን አሳለፈች። ከዲፈረንሻሉ ተነስቶ ጎማውን የሚያዞረውን ረጅም ሻፍትም በእጇ እየዳበሰች፣ ጥርስ ለጥርስ እስኪገጥም ገፍታ አስገባች። በግራ በኩል ረታ እያቃሰተ የብሎኑን ዳዶ ሲያጠብቅ ሰማችው። መኪናዋ ግን ገና ክሪክ ላይ ተንጠልጥላለች።

«ረታ፣ ጎማዋ መሬት ሳይነካ አታጥብቅ። በአየር ላይ ካሰርከው፣ መኪናዋ ስትወርድ ጎሚኒው ይጠመዘዛል። ያኔም የቀደደው ይኸው ነው።»

«ዕቃ ያጠበ ሁሉ መካኒክ ከሆነማ፣ ሳህን አጣቢውም ወጥ ቤት ነኝ ይበላ!»

የራሷን ዳዶ በጣቷ ብቻ አስይዛ ወጣች። ክሪኩ ወርዶ መኪናዋ በእግሯ ስትቆም፣ ረታ እጁን ሊታጠብ ሲሄድ፣ ተመልሳ ገባችና ጥርሷን ነክሳ አጠበቀችው። ግራውንም አላልታ እንደገና ማሰር ትችል ነበር። አላደረገችውም። ይለይልን አለች።

ወር ከአሥራ አምስት ቀን ጠበቀች። እጇ ሽንኩርት ይመዝናል፤ ጆሮዋ መንገዱ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ረታ ከታች ሲመጣ ሰማችው። ቋ! ቋ! ገንዘቤ ፈገግ እንኳ አላለችም።

እሑድ መኪናዋ ደጃፍ ላይ በክሪክ ተነሳች፤ ወንዱም እንደ ልማዱ ከበባት። ጋሽ ዘርአጽዮንም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆም አሉ። ረታ ግራውን ፈታ። ጎሚኒው ለሁለት ተቀዶ ወጣ።

«ኧረ እትዬ ናፍጣ!» አለ ሐሩን። «አሁንም?»

ረታ አልሳቀም። ግን «እሷ አይደለችም» አላለም። ጎሚኒው ታጥቦ እንደማያውቅ እያወቀ መፍቻውን በጨርቅ መጥረግ ያዘ።

ገንዘቤ ሚዛኗን አስቀምጣ ተነሳች። ክሪኩን ወደ ቀኝ አዞረች፤ ጎማውን ፈታች፤ ብሎኑን በመዶሻ መታ አወጣችው። ጎሚኒውን በሽርጧ ጠርጋ ከተቀደደው ጎን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችው። እንደገባ ነው የወጣው።

«ግራውን ረታ ነው ያሰረው፣ በአየር ላይ። ቀኙን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ መኪናዋ መሬት ቆማ። ሁለቱም ከአንድ እሽግ ላስቲክ ነው የወጡት። ናፍጣው የታለ?»

ሐሩን ሁለቱንም አንስቶ አገላበጠ፤ አሸተተ። ተራ በተራ ተቀባበሏቸው።

«ግራ በኩል እኮ ሾፌር ይቀመጣል» አለ ረታ። «ክብደት ነው።»

«ያንተ ቦርጭ ከሆነማ እውነትም ክብደት ነው!» አለ ሐሩን። ሳቁ። የዛሬው ሳቅ ወደ እሷ አልመጣም።

ጋሽ ዘርአጽዮን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እውነቷን ነው። ናፍጣ ቢሆን ያብጥ ነበር። ይሄ ተጠምዝዞ ነው የተቀደደው። ያኛውም እንደዚሁ ነበር።»

«የቱ ያኛው?» አለች ገንዘቤ።

«የዛሬ አራት ዓመቱ። እዚህ ቆሜ አይቼዋለሁ።»

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ልጄ። ግን ወንድን በሚስቱ ፊት፣ ሰው መሃል ማዋረድ ከበደኝ። ውሎ አድሮ ይረሳል ብዬ ነው።»

ገንዘቤ ሽማግሌውን ትክ ብላ አየቻቸው። አራት ዓመት ከሳቁት ሁሉ ይልቅ ሳይስቁ የቆሙት ናቸው ያደሟት።

«እሱ እንዳይዋረድ» አለች። «እኔስ፣ ጋሼ? እኔ ሰው አልነበርኩም?»

መሬት መሬት አዩ። «ነገ ጋራዥ ነይ። ቦታሽ አለ።»

«ለጊዜው ልረፍ» አለቻቸው።

ረታ መፍቻ ቁልፉን ዘረጋላት። «በይ አሁን ቀኙን መልሺው፤ መንገድ ዘጋን።»

ቁልፉን ተቀብላ በርከክ አለች። ሁሉም ልትገጥመው መሰላቸው። የሻፍቱን ዳዶዎች አንድ በአንድ ፈታች፤ በሁለት እጇ ይዛ ሳበች፤ ረጅሙ ብረት እየተንሸራተተ ወጣ። ዘይቱ ኮብልስቶኑ ላይ ተንጠባጠበ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?»

«በእጄ ያስገባሁትን ነው ያወጣሁት። የቀረው ሁሉ ያንተ ሥራ ነው፤ በእሱ ሂድ።»

ጎሚኒውን ከኮፈኑ ላይ አንስታ ሽርጧ ኪስ ከተተችው። ሻፍቱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ጎማውን በአንድ እጇ እያንከባለለች በወንዶቹ መሃል አለፈች። መንገድ ለቀቁላት። ጎማውን ጉሊቷ አጠገብ አጋደመችው፤ ሻፍቱን ከኋላዋ ግንቡ ላይ አስደገፈችው፤ የሽንኩርት ቅርጫቷን አነሳችና ጎማው ላይ አስቀመጠችው።