በእህቱ ካርድ የታየ ደረት

ለሰው ዋስ መሆን ያለ ነው፤ በሰው ፈንታ መታመም ግን ኪስ ሰፊዋ ያመጣችው ጉድ ነው። ኪስ ሰፊ የሚሏት በልብስ ፋብሪካው ውስጥ ሥራዋ ሱሪ ላይ ኪስ መግጠም ብቻ ስለሆነ ነው። ድንበር ተሻግራ ከገባች ቆይታለች፤ ቋንቋው ያው ነው፣ ሕጉ ግን ሌላ። ፋብሪካው የሕክምና መድን ካርድ ሰጥቷታል። ታላቅ ወንድሟ የመጣው ግን በቅርቡ ስለሆነ ሥራም ካርድም የለውም።

ወንድምየው በአገሩ ግንበኛ ነበር፤ ድንጋይ እንደ ትራስ የሚያነሳ ሰው። አሁን ወደ እህቱ ቤት ሲወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም ይልና በመስኮት የሚያይ ይመስላል። አንድ ቀን ደረሰችበትና አፋጠጠችው። ደረቱን ጭምቅ ያደርገዋል፣ ግራ እጁን ያደነዝዘዋል፣ ሲቀመጥ ይተወዋል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለው ሳቀባት። በምን ካርድ? እሱ በሚያውቀው ሐኪም ቤት ሰው በር ላይ ቢወድቅ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስሙን ሳይሆን ማስያዣውን ነው። እሷም የምታውቀው ያንኑ ነው፤ እዚህም ሁልጊዜ ካርዷን ዘርግታ ስለምትገባ፣ ካርድ የሌለው ሰው ምን እንደሚደረግ ጠይቃ አታውቅም።

በነሱ ቤት ደግሞ አንድ ልማድ ነበር። እናታቸው ሐኪም ቤት የሚሄዱት የቤተሰቡ በሽታ ሲጠራቀም ነው። የአንዱን ሳል፣ የሌላውን ሆድ ቁርጠት የራሳቸው አድርገው ይናገሩና መድኃኒቱን ለየባለቤቱ ያድላሉ። ደግሞም ይሠምርላቸው ነበር። ኪስ ሰፊዋም የወንድሟን ሕመም ከራሱ አፍ እንደ ትምህርት አጥንታ፣ በካርዷ ልትታይለት ሄደች።

ሐኪሟ በጥሞና ሰማቻት። ከዚያ ግን መድኃኒት በመጻፍ ፈንታ አስተኝታ የልብ መመርመሪያውን ሽቦ ደረቷ ላይ ለጠፈችባት። ምን ይዋጣት! እናትየው የሽቦ ነገር አላስተማሯትም። ልብሽ ደህና ነው፣ ድካም ይሆናል፣ እረፍት አድርጊ ተብላ ወጣች።

ቤት ስትገባ ወንድሟ ቆሞ ነበር የጠበቃት። እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታይ ግን አንጀቷ አልቻለም።

“በመሣሪያ አይተው ደህና ነው አሉ፣ ጋሼ። ድካም ነው አሉ።”

ሌላ ጊዜ አስረዳዋለሁ ብላ ነው። ሌላ ጊዜ የሚባለው ነገር እግር የለውም እንጂ ቢኖረው መልካም ነበር። ሰውየው መሣሪያው የተነገረውን ሕመም ያየ መሰለውና ነፍሱ መለስ አለች፤ ለካ ፈርቶ ኖሯል። በማግሥቱ ሥራ ፍለጋ ወጣ፣ የጎረቤት ቁም ሣጥን አጋዘ፣ ደረቱ ሲጨመድደው ድካም ነው እያለ ማለፍ ጀመረ። እሷም እያየች፣ እየተሳቀቀች እውነቱን ለነገ አሳደረች።

አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ተቀምጦ መነሳት አቃተው። ላቡ ሸሚዙን አርሶታል። ጎረቤት በመኪናው አደረሳቸው። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ኪስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ ካርዷን ዘረጋች፤ የኔ ነው፣ የሱ አይደለም፣ ግን እከፍላለሁ እያለች ስትንተባተብ ነርሱ ካርዱን ዞር ብሎም አላየው። የወንድሟን ሸሚዝ እየቀደደ፣ እዚህ ለድንገተኛ ሕመም ማንም ካርድ አይጠየቅም አላት። ድሮም እንዲሁ ነው አላት።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ፣ ከዚህ በፊት በሐኪም ታይተው ያውቃሉ ወይ ሲል ወንድምየውን ጠየቀው።

“ታይቻለሁ” አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። “ልቤ ደህና ነው ብለውኛል። እህቴን ጠይቋት።”

ሁሉም ወደሷ ዞሩ።

“የታየሁት እኔ ነኝ” አለች፣ ወንድሟ እየሰማ።