በር የቆረጠው ወሬ

«ብረት እኮ ለወባዋ ቀለቧ ነው» ብሎ ነበር አንደኛው ሐኪም። ሌላው «እሱማ ልክ ነው፤ ግን...» ሲል በሩ ተዘጋ። ወይም «ግን» አላለም ይሆናል፤ ነገሩ ሃያ ዓመት አልፎታል። ይህን የሰማው ሰው ያኔ መወልወያውን ይዞ በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አጎንብሶ ነበር።

ዛሬ ያጎነበሰው በጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። የአራት ዓመት የልጅ ልጁ ጭኑ ላይ ተኝታለች፤ ትኩሳቷ ሱሪውን አልፎ ያቃጥለዋል። ዘንድሮ ወባ ሲይዛት ይህ አራተኛዋ ነው። እናቷ አጠገባቸው ቆማ የምርመራውን ወረቀት ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች።

ጤና መኮንኗ የሕፃኗን የታችኛውን የዐይን ሽፋን ገለጥ አድርጋ አየች። ነጥቷል።

«ወባውም አለ፣ ደሟም በጣም ወርዷል። አፈር ትበላለች እንዴ?»

«ግድግዳ ትልሳለች» አለች እናትየው። «ብንቆጣት፣ ብናባብላት፣ ወይ ፍንክች!»

አያትየው ቦታውን ያውቀዋል። ከአልጋዋ ራስጌ ጭቃውን በጣቷ ትፈለፍላለች፤ እሱ ይለስናል፣ እሷ በማግስቱ ትከፍተዋለች። የልጅ አመል ነው ብሎ ስቆ ነበር ያለፈው።

«የሰጠኋችሁን የብረት ሽሮፕ ትወስዳለች?»

እናትየው ወደ አባቷ ዞረች። በሰፈሩ «ዶክተር» ነው የሚሉት። ለቀልድ የጀመሩት ስም ነበር፤ ኋላ ግን ልጅ ባተኮሰው ቁጥር ሳያማክሩት ከቤት የማይወጡ በዙ።

«ያስከለከልኳት እኔ ነኝ» አለ። «ጠርሙሶቹ ቁም ሳጥን ላይ ናቸው፤ ክዳናቸውም አልተነካ። ብረት ወባን ይቀልባል ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ጤና መኮንኗ መሳቂያ እንዳታደርገው ፈርቶ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«የሰሙት ውሸት አይደለም፣ አባባ። ወባው ደሟ ውስጥ እያለ ብረቱን አናስጀምራትም። መጀመሪያ የወባውን መድኃኒት ትጨርሳለች፤ ከዚያ ግን ብረቱ የግድ ነው። ብረትም ዚንክም ሲጎድላት ሰውነቷ በሽታውን የሚመክትበት አቅም ያጣል። ለዚህ ነው ዳነች ስትሉ ተመልሶ የሚጥላት።»

«ግን» ብሎ ነበር ሐኪሙ። አሁን እርግጠኛ ሆነ።

«ትተርፍልኛለች?»

«ዛሬ እዚሁ ትቆይ። ደሟን ደግመን እናያለን፤ ካልተሻላት ሆስፒታል እንልካታለን።» ከዚህ በላይ ቃል አልሰጠችውም። ከዚያ «ይህን ምክር ለሌላ ሰው ነግረዋል?» ስትል ጠየቀችው።

ለባለሱቋ ነግሯል። ለሾፌሩ ሚስትም፤ እሷ መንታ ነው ያላት። ሌላም እናት ነበረች። ማን እንደሆነች ለማስታወስ ዐይኑን ጨፈነ።

«አባዬ፣ እኔ ልንገራቸው» አለች ልጁ ቀስ ብላ። «አንተን ምን ይሉሃል?»

መዳፉን በሕፃኗ ደረት ላይ አሳረፈ። ደረቷ በፍጥነት ይነሣል፣ ይወድቃል። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ፤ ከፈጣሪው ጋር የሚነጋገረው እንዲህ ነው።

«ያሉትን ይበሉኝ» አለ በመጨረሻ። ሕፃኗን በጥንቃቄ ወደ እናቷ ክንድ አሻገራት። «እኔ ነኝ ያስተውኳቸው፣ እኔው እነግራቸዋለሁ። በየቤቱ እዞራለሁ። ከባለሱቋ እጀምራለሁ።»