ሁሉንም የተቀበለው ፀጉር አስተካካይ

«እኔን ነው?» አሉ ጡረተኛው ሹፌር፣ ፎጣው አንገታቸው ላይ እንደተጠመጠመ። «ሰው ገና ከመቀመጡ ስድብ ትለጥፍበታለህ?»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የኮምፒውተሩ ስክሪን ዘፈኑን አቋርጦ «ፀጉርዎ እየሳሳ ነው? አይጨነቁ!» ይላል።

«ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ! ማስታወቂያ እኮ ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ሳብ እያደረገ።

ይህችን ኮፍያ በበጋም በክረምትም አያወልቃትም። ምክንያቷን ከሚስቱና ከኮምፒውተሩ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ደንበኛ ሲጠፋ ኢንተርኔት ላይ ሲጎረጉር የሚውለው የራሰ በራ መድኃኒት ነዋ! ታዲያ በራውን ፀጉር አስተካካይ ማን አምኖ ጭንቅላቱን ይሰጠዋል? ጥርሱ የረገፈ የጥርስ ሐኪም በሉት።

ማስታወቂያው ተመልሶ መጣ። አሁንማ ጭራሽ የቅባት ብልቃጥ ይዞ።

«እንዲያው ምን በድዬህ ነው?» አሉ ጋሼ።

ፀጉር አስተካካዩ ላብ በላብ ሆነ። «አንቺ! ኧረ ነይና ገላግይኝ!»

ሚስቱ ከጎን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤቷ መጣች። ብሮውዘሩን ከፍታ ብታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሁሉ ኩኪ ምንድን ነው? የረገጥከው ድረ ገጽ ሁሉ ምልክቱን ትቶብህ፣ የምትገባ የምትወጣበትን እየተከተለ ያያል፤ ባየው ልክ ማስታወቂያ ይልክብሃል። ‹ሁሉንም ተቀበል› ሲሉህ ዝም ብለህ እሺ ነው?»

«በትሕትና እየጠየቁኝ እንቢ ልበል? እኔ ሰው አላስቀይምም።»

በዚህስ አይታማም። ሦስት ፀጉር ይዞ መጥቶ «ወደ ኋላ ይተኛልኝ» የሚለውን ደንበኛ ሁሉ «ይቻላል!» እያለ የኖረ ሰው፣ የማያውቀውን ድረ ገጽ እንዴት አድርጎ ፊት ይነሳል?

ሚስቱ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታ የተጠራቀመውን ኩኪ ጠራረገች፤ ከየአቅጣጫው እየመጣ የሚከታተለውንም ከለከለች። «ከእንግዲህ ‹አልቀበልም› የሚለውን ተጫን። አያለቅሱም» ብላው ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዘፈኑ ቀጠለ። ቀጥሎ የመጣው ማስታወቂያ የትራክተር ጎማ ነበር። የፀጉር አስተካካዩ ሆድ ቅቤ ጠጣ።

«አዩልኝ ጋሼ? አሁን የኔን ጉዳይ የሚያውቅ አንድም የለም!» አለና ኮፍያውን በኩራት ወደ ግንባሩ ጎተት አደረጋት። ከፊት በወረደች ቁጥር ከኋላ ብድግ ትላለች።

ጋሼ ፊት ለፊታቸው ባለው መስታወት ውስጥ፣ ከሱ ጀርባ የተሰቀለውን ሌላውን መስታወት ረጋ ብለው ተመለከቱ።

«ኮምፒውተሩንስ አስረሳችልህ» አሉ። «ከኋላህ ያለው መስታወትስ፣ ሴቲንጉ በየት በኩል ነው?»