ከባለቤቱ በቀር የማይከፈት

የኮምፒውተር ጠጋኙ ፋይሉን ለአራተኛ ጊዜ ሊከፍተው ሞከረ። ኮምፒውተሩ አሁንም ያንኑ መልእክት አወጣ፤ «ይህን መጽሐፍ መክፈት አልተቻለም።»

«ተበላሽቶ ይሆን?» አለች ሴትየዋ። ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት የወጣችው በምሳ እረፍቷ ነው፤ ነጭ ጋወኗን እንኳ አላወለቀችም።

«ፋይሉስ ደህና ነው። ሌላ ማንበቢያ ጫንኩ፣ እሱም እምቢ አለ። ተቆልፏል፣ እህቴ። በገዛው ሰው አካውንት ካልሆነ አይከፈትም። ማን ነው የገዛው?»

«ባለቤቴ።»

«ታዲያ ደውዪለትና የይለፍ ቃሉን ይንገርሽ፤ የደቂቃ ሥራ እኮ ነው።»

«ሞቷል» አለች፤ ለደንበኛ «ይህ መድኃኒት የለንም» በምትልበት ድምፅ።

ሰውየው እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። «እግዜር ያጽናሽ። አላወቅኩም።»

ሦስት ወር ሆኖታል። በተቀበረ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረችም፣ አንድም ቀን አላለቀሰችም። ሰዎች «ብርቱ ናት» ሲሉ ትሰማለች። ብርታት አልነበረም፤ ማደንዘዣ እንደተወጋ ድድ ሆናለች። ባሏ ዓይናቸው ለደከመው አባቱ ከሥራ ሲመለስ ከስልኩ መጽሐፍ ያነብላቸው ነበር። ባለፈው እሑድ አማቷ «ያ መጽሐፍ ሳያልቅ ቀረ» አሉ። እዚህ ያመጣቻት ያቺ አንዲት ቃል ናት።

የይለፍ ቃሉን በግምት አገኘችው፤ የአባቱ የልደት ዓመት ነበር።

«አንድ ነገር ቀረ» አለ ጠጋኙ። «አካውንቱ የሚሠራው በአንድ መሣሪያ ብቻ ነው። የተመዘገበው የሱ ስልክ ነው። ልሰርዘው?»

«ሰርዘው።»

ሰረዘውና በምትኩ የሷን ስልክ መዘገበ። አንድ ነገር ይሰማኝ ይሆን ብላ ጠበቀች። የተሰማት የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር።

አሥር ደቂቃ አንብባላቸው ወደ ሥራ ልትመለስ አስባ ቤት ገባች። አማቷ ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡ።

«የት ደርሳችሁ ነበር፣ አባባ?»

«ሰባተኛው ምዕራፍ። መርከበኛው ደብዳቤውን ሊከፍት ሲል ነው የቆምነው።»

መጽሐፉ የተከፈተው ግን ባሏ መጨረሻ አንብቦ ያቆመበት ገጽ ላይ ነው። ደግማ አየችው።

«አባባ… እሱ እኮ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ነበር።»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን በጥፊ መቱት።

«ሌባ! እኔን "ነገ እንቀጥላለን አባዬ፣ እኔም እንዳንተው ጓጉቻለሁ" እያለ ሲደልለኝ… ለካ ተደብቆ ያነባል! ለካ ቀድሞኝ ሄዷል!»

እየሳቁ ነበር። ሳቁ እንዳለ ፊታቸው ላይ ቀረና እንባቸው በላዩ ወረደ። እሷም ከጉሮሮዋ አንድ ድምፅ አመለጣት፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ራሷም አልለየችውም።

ስልኳን አንስታ መድኃኒት ቤት ደወለች።

«ዛሬ ከሰዓት አልመለስም።»

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለች የሥራ ባልደረባዋ።

«አይ። የማነበው አለኝ።»

ስልኩን ዘጋችና መጽሐፉን ወደ ሰባተኛው ምዕራፍ መለሰችው።