አቼቶ የጠጣው ኬክ

"ሚስቴ እናቷ ስታመሰግናት መጀመሪያ የምታደርገው ቦርሳዋን መፈተሽ ነው" ይል ነበር ግራንት። ቀልዱ ነው፤ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። እናትየዋ ቬርና ደግ ቃል በከንቱ አታባክንም። ካወጣች ከኋላው የሚመጣ ነገር አለ። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ደውላ፣ "ናሬልዬ፣ ዘንድሮ አንቺም የፍራፍሬ ኬክ አስገቢ እንጂ! እስከ መቼ በስኮን ዳቦ ትኖሪያለሽ?" ስትላት፣ ናሬል ስልኩን ከጆሮዋ ነጥላ ትክ ብላ አየችው።

"ማን ነው?" አላት ግራንት።

"እናቴ ናት። ተወዳደሪኝ ትለኛለች።"

"በስመ አብ! አሟታል እንዴ?"

በሚኖሩባት በኩንዳሪ የእርሻ ትርዒት በመጣ ቁጥር በጎች ይሸለማሉ፣ እንጨት ፈላጮች መጥረቢያቸውን ስለው ይወዳደራሉ። ዋናው ጦርነት ግን አዳራሹ ውስጥ፣ የኬኩ ጠረጴዛ ላይ ነው። በዘቢብና በደረቅ ፍራፍሬ የታጨቀው ጥቁር ኬክ ደግሞ የቬርና ርስት ነው። የአንደኛነቱን ሰማያዊ ሪባን ከእጇ የነጠቀ ሰው የለም። ናሬል ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች ልሞክር ብላ ነበር። ቬርና በትርዒቱ ዋዜማ ደረቷን ይዛ ወደቀች፤ አምቡላንስ ተጠራ፤ ናሬልም ኬኳን ትታ ሆስፒታል አደረች። ሐኪሙ አገላብጦ ቢመረምራት ምንም አላገኘባትም። ጠዋት ቬርና ሆዬ ከአልጋዋ ተነሥታ፣ ከንፈሯን ተቀብታ፣ ኬኳን ራሷ ተሸክማ አስገባች። አሸነፈችም። ከዚያ ወዲህ ናሬል ድርሻዋን አውቃ ስኮንና ማርማላታ ላይ ቀረች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ናሬል ጠረጠረች። ግን ተወዳደረች። ምክንያቱም ፈለገችው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ምንም ያልቀራት ሴት፣ አንድ ቀን ስሟ በዚያ ኬክ ላይ ሲነበብ መስማት ፈለገች። ምን ነውር አለው?

ባላራት ከተማ የምታያት የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለ እናቷ ስትሰማ ከርማ፣ "ያላየሁትን ሰው ይህ ነው ብዬ አልፈርድም" ብላታለች። "የምትነግሪኝ ግን ናርሲሲዝም የሚሉትን የስብዕና ችግር ይመስላል። እንዲህ ያለ ሰው ራሱን ከልክ በላይ የሚወድ ይመስልሻል። የለም። በሰው ዓይን ተደንቆ ካልታየ፣ ያለ አይመስለውም። ልታዝኚላት ትችያለሽ። ማዘን ማለት ግን በርሽን ከፍቶ መተው አይደለም።"

ናሬል ይህን ስትሰማ አባቷ ከመሞቱ በፊት የነገራት ትዝ አላት። ቬርና እናቷ የሞቱባት ገና በልጅነቷ ነው፤ ያሳደገቻት አክስቷ ናት። አክስትየዋ እንግዳ ሲመጣ ልጅቷን ኬክ ታስጋግራታለች። ኬኩ ካማረ ከእንግዶቹ ጋር አስቀምጣ "የኔ ወርቅ" ትላታለች። ከተበላሸ ልጅቷ ወጥ ቤት ቆማ ትበላለች፤ እስከ ሌላ ቀን ድረስም ቀና ብሎ የሚያያት የለም። ናሬል ለዚያች ልጅ ታዝንላታለች። ለአሮጊቷ ማዘን ነው ያቃታት።

ኬኩ ተጋግሮ፣ ተጠቅልሎ፣ በየጊዜው ብራንዲ እየጠጣ እንዲሰነብት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ታዲያ ቬርና እግር አበዛች። "እስቲ ልየው" ትላለች፣ ጥቅሉን ትነካካለች፣ አፍንጫዋን ታስጠጋለች።

"ጥሩ ነው" አለች አንድ ቀን።

"ምኑ ነው ጥሩው?"

"እህ! ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ። አሁን ደግሞ ምስክር ላምጣልሽ?"

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ከአዳራሹ በር ላይ ቆማ በማሽተት ብቻ "ያ የኢቮን ነው፣ ቀረፋ አብዝታበታለች" የምትል ሴት ናት። በዚያው ቀን ናሬል ሻዩ ላይ ወተት ቀዳችላት፤ የራሷን ፉት ስትል ግን ወተቱ ተበላሽቷል፣ ኮምጥጧል። ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ቬርና ስለ አዲሱ ባርኔጣዋ እያወራች ግጥም አድርጋ ጨረሰችው። "የተበላሸ ወተት አጠጥቻት ዝም አለች! አንድ ነገር ካልፈለገች በቀር ዝም አትልም" አለች ናሬል ማታ ለግራንት።

የትርዒቱ ዕለት ጠዋት ናሬል ኬኩን ልታወጣ ስትል፣ ግራንት ቦት ጫማውን እየሳበ፣ "ረስቼው፣ እናትሽ ትናንት መጥታ ነበር። አንቺ ሱቅ ሳለሽ። በቁልፏ ከፍታ ገባች፤ እንቁላል ላድርስላችሁ ብዬ ነው አለች" አላት።

"እንቁላል? አሥራ ምናምን ዶሮ ላለው ቤት እንቁላል?"

ሮጣ ጥቅሉን ፈታችው። ሽታው አፍንጫዋን ወጋው። ብራንዲ አይደለም፤ የብርቱካን ልጣጭም አይደለም። አቼቶ ነው! ለሰላጣ የሚሆን ቡናማ አቼቶ።

"ደፋችብኝ! ግራንት፣ አቼቶ ደፋችብኝ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ኬኩን ገልበጥ አድርጋ ጎኑን ስታይ ክው አለች። "ቆይ... ይሄ የኔ አይደለም።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ማዕዘኑን እየው። እሷ መጋገሪያው ቆርቆሮ ውስጥ ወረቀት ስታነጥፍ አጥፋ ነው፤ የእጥፉ መስመር ኬኩ ላይ ይቀራል። እኔ በመቀስ ቆርጬ ነው የማነጥፈው። የሷ ነው።"

"ያንቺስ የት ሄደ?"

"የት ይሄዳል? በስሟ ሊሸለም ሄዷላ! ለኔ ደግሞ አቼቶ አጠጥታ ተወችልኝ፣ በሕዝብ ፊት እንድዋረድ።"

ግራንት ተቆጣ፤ "አሁኑኑ ለአስተናባሪዎቹ እንንገራቸው" አለ። ናሬል እንቢ አለች። ደሟ ፈልቷል። ይህንኑ አቼቶ ያለበትን ኬክ በስሟ ልታስገባ፣ ዳኛዋ ሁለቱንም ሲቆርጡ ተነሥታ ማዕዘን ከማዕዘን ልታስተያይ ወሰነች።

"ከዚያ በኋላስ?" አላት።

"ከዚያ በኋላ እናት የለኝም። ደጇን አልረግጥም፣ ደጄን አትረግጥም።"

ኩንዳሪ ውስጥ ኬክ የሚዳኘው ሰው እያየ ነው። ኬኮቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ዳኛዋ ወይዘሮ ዊልማ ይቆርጣሉ፣ ያሸታሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ያመኑበትን ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ማንንም አይምሩም። ቬርና አዲሱን ባርኔጣዋን ደፍታ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ የሚያልፈው ሁሉ እጇን ይጨብጣል። ናሬል ከጠረጴዛው ማዶ፣ ፊቷን በደንብ ከምታይበት ቦታ ቆመች። ፈገግታውን ልታይ ነው የመጣችው። እናቷ እሷን በማዋረዷ ደስ ሲላት አንዴ በዓይኗ ካየች፣ መቁረጥ አይከብዳትም።

ወይዘሮ ዊልማ አንዱን ኬክ ቆረጡ። "ፍሬው እኩል እኩል ተከትፏል። ብራንዲው ልክ ነው። ብርቱካኑ... እሰይ! እጅሽን ይባርከው፣ ማንም ሁኚ።"

ናሬል ማዕዘኑን አየችው፤ የእጥፍ መስመር የለበትም። የሷ ነው።

ቀጥለው ሌላውን ቆረጡና ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ ወደ ኋላ አሉ። "ምን ጉድ ነው! ይሄ ኬክ አቼቶ ጠጥቷል!"

ሽታው እስከ ሦስተኛው ረድፍ ደረሰ። ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ሣቀ፤ አንዱ ሽማግሌ፣ "ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ይሄዳል!" ብሎ ጮኸ። ናሬል ዓይኗን ከእናቷ ላይ አላነሳችም።

ቬርና አልሣቀችም። አንገቷን አስግጋ አየር ሳበች። እንደገና ሳበች። ግራ ቀኟን፣ አፍንጫቸውን የያዙትን ሰዎች አየች፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሳበች። ከዚያ ፊቷ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ረገፈ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኬክ ስታየው የራሷ ነው፤ ብራንዲ ላጠጣው ብላ የትኛውን ጠርሙስ እንዳነሣች የገባት ያኔ ነው። አይሸታትም። ምንም አይሸታትም።

ናሬል ቆማ ሁሉንም ገጣጠመችው። ኮምጥጦ ግጥም ተደርጎ የተጠጣውን ወተት፣ "ጥሩ ነው" ብቻ ብሎ ማለፉን፣ ያንን የማይታመን ስልክ። እናቷ ልታዋርዳት አልነበረም። የማትቀምሰውን ኬክ ጋግራ፣ ይጣፍጥ ይምረር ሳታውቅ፣ ለማንም መናገር ስላልቻለች የሚታመን ኬክ ፈለገች። ለውሸት በሽታ አምቡላንስ ያስጠራች ሴት፣ የእውነት ሲመጣባት ለልጇ እንኳ ደበቀች። የልጅነቷ የወጥ ቤት ጥግ ዛሬም እየጠበቃት ነው። ናሬል ማዕዘን ከማዕዘን ማስተያየቱን ተወችው።

ወይዘሮ ዊልማ ስም አነበቡ። አንደኛ ቬርና። ጭብጨባው ቀለጠ። የአቼቶውም ኬክ ባለቤት ስም ተነበበ፤ ሰዉ ናሬልን ዞሮ አያት። ቬርና እንደ ወትሮው ማይክራፎኑን ያዘች።

"ልጄም ሞክራለች" አለች። "ምን ይደረግ! አቼቶና ብራንዲ መለየት ገና አስተምራታለሁ።"

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ናሬል አመማት፤ ማዘኗም ከማመሙ አላዳናትም። ወጥታ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር ቆማ አለቀሰች። ጥቂት ቆይቶ ቬርና መጣች። በወረቀት ሳህን ላይ ቁራጭ ኬክ ይዛለች።

"ምነው ተደበቅሽ? ሰው ምን ይላል?"

"እማ፣ ማሽተት ያቆምሽው መቼ ነው?"

"ምን አልሽ?"

"ሰምተሽኛል።"

"ቅናት!" አለች ቬርና። ፊቷ ቀላ። "ድሮም ትቀኚብኛለሽ። አባትሽንም ያስከፋሽው አንቺ ነሽ። ጤነኛዋን ሴትዮ በሽተኛ ልታደርጊኝ ነው?"

ድሮ ቢሆን ናሬል ትጮህ ነበር፤ ወይ ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። አሁን ሁለቱንም ተወች። "ለማንም አልናገርም" አለቻት። "ሐኪም ዘንድም አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ከፈለግሽ። ቤቴ ግን እኔ ሳልኖር አትገቢም። ቁልፌን መልሺልኝ።"

ቬርና ሳህኑን በእጇ አዟዟረችው። ከዚያ ልጇን ሳታይ ዘረጋችላት።

"እስቲ... ቅመሺው" አለች።

"ለምን?"

"ቅመሺውና ንገሪኝ። ምን ምን ይላል?"

ናሬል ቆርሳ ቀመሰች። "መጀመሪያ ብራንዲው ይመጣል" አለች። "ሞቅ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ከዚያ ዘቢቡ። ከዚያ ብርቱካኑ፣ መጨረሻ ላይ፣ ትንሽ መረር ብሎ።" ቬርና ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን ከፈት አድርጋ ሰማቻት፤ ናሬልን እንዲህ ሰምታት አታውቅም።

"አዎ" አለች በመጨረሻ። "እንዲያ ነው የምሠራው።"

"የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እማ።"

ቬርና ዓይኗን ገለጠች። ከአዳራሹ ለፎቶግራፍ እየጠሯት ነው። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ረጅም ጊዜ ፈለገች፤ ቁልፉን አውጥታ በልጇ መዳፍ ላይ አኖረችውና፣ ባርኔጣዋን አስተካክላ ተመለሰች። በሩ ላይ ስትደርስ ፈገግታዋ ተመልሷል።

ናሬል የቀረውን ቁራጭ ቆማ በላችው። ጣፍጧል። "ጎበዝ፣ ናሬል" አለች ጮክ ብላ፤ የሚሰማት ሰው አልነበረም።